ገንዳው ውስጥ እጅ አይገባም

ሰኞ

አዲሶቹ አይጦች ከቀዶ ጥገናው በኋላ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ገንዳው ውስጥ ገቡ። ገንዳ የምንለው የሕፃናት መዋኛ ነው፤ ውኃ የለውም፣ እግር እንዳያንሸራትት ሻካራ ምንጣፍ ተነጥፎበታል። አንድ አይጥ እናስገባለን። እኔና ዜሮ የምንለው ባልደረባዬ ፊት ለፊት ቆመን ለአራት ደቂቃ የኋላ እግሮቹን ብቻ እናያለን፣ ከዚያ ነጥብ እንሰጣለን፤ ሁሉም በቪዲዮ ይቀረጻል። ሃያ አንድ ያገኘ ጀርባው ላይ ምንም እንዳልደረሰበት ይሄዳል። ዜሮ ያገኘ ከወገቡ በታች የለም።

ባልደረባዬን ዜሮ ያሉት ሌሎቹ ናቸው፤ ለነጥብ እጁ ስለማይፈታ። እኔ ግን ከሁሉም አብዝቼ እጠራበታለሁ።

ሕጉ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ለዓመታት ሳነበው ኖሬአለሁ። እጅ ገንዳው ውስጥ አይገባም፤ ቢወድቅም አታነሣውም። የትኛው አይጥ መድኃኒቱን፣ የትኛው ባዶ የጨው ውኃ እንደተወጋ ነጥብ ሰጪ አያውቅም። የፊት እግር አይቆጠርም። ዛሬ አንዱ ወፍራም በፊት እግሮቹ ብቻ ገላውን እየጎተተ ገንዳውን ከዳር እስከ ዳር አቋረጠ። ሲደርስ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ዜሮ ሰጠነው፤ ሁለታችንም፣ ያለ ክርክር።

ማታ ለአባዬ ስነግረው ሳቀ። «የኔ ባልደረባ እሱ ነው» አለ። «በርታ በይልኝ።» እማዬ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ጠበቅ አድርጋ አስቀመጠችና «በእራት ሰዓት የአይጥ ወሬ አልፈልግም» አለች።

አባዬ የጣራውን አሸንዳ ሊጠርግ ወጥቶ ከመሰላል ከወደቀ አምስት ወር ሆነው። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነድቶ አንድ ሰው ሳይነካ ጡረታ የወጣ ሰው በገዛ ቤቱ አሸንዳ ተሸነፈ። አሁን ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋው በነበረበት ቦታ፣ የሆስፒታል አልጋ ላይ ነው። እኔ ህብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ አይጦችን እግር ሳይ እውላለሁ። ማታ ደግሞ የሱን እግር ላለማየት ዓይኔን ቴሌቪዥኑ ላይ እተክላለሁ።

ረቡዕ

ቤት ስደርስ ወንድሜ ስልኩን ይዞ በር ላይ ጠበቀኝ። «ነይ እዪ፣ ነይ እዪ።» እማዬ ብርድ ልብሱን ስትገፍፈው የአባዬ አውራ ጣት ተንቀሳቅሷል። ወንድሜ እንደገና አስገፍፎ ቀርጾታል። እማዬ እጇን አፏ ላይ አድርጋ የኔን ፊት ታያለች። ሁሉም የኔን ፊት ያያሉ።

አየሁት። ደግሜ አየሁት። «መኮማተር ነው» አልኩ። «አይጦቹም ጣታቸው ሲቆነጠጥ እግራቸውን ይሰበስባሉ። ትእዛዙ ከጭንቅላት አይደለም የሚመጣው። አይቆጠርም።»

«አይቆጠርም?» አለ ወንድሜ። «አባትሽ እኮ ነው። አባትሽን ነው አይቆጠርም የምትዪው?»

«ያየሁትን ነው የነገርኩህ።»

«ልብሽ ድንጋይ ሆኗል። ከአይጥ ጋር ስትውዪ ሰው መሆን ረስተሻል።»

እማዬ ወደ ኩሽና ሄደች። ቧንቧው ሲከፈት ሰማሁ፤ ዕቃ ሲታጠብ ግን አልሰማሁም። ነገሩን ያበረደው አባዬ ነው። «ተዋት» አለው። «እሷ ያየችውን ነው የምትናገረው። በዚህ ቤት አንድ እንደዚህ ያለ ሰው ያስፈልገኛል።»

ወንድሜ ሳይሰናበተኝ ሄደ። ልክ ነበርኩ። ልክ ሆኜ እንዲህ መጠላቴ አንገበገበኝ።

ሐሙስ፣ በምሳ ሰዓት፣ በጥድፊያ

የአይጥ ክፍሉ ተንከባካቢ ወልዳ ፈቃድ ወጣች። ጀርባው የተጎዳ አይጥ ራሱ መሽናት ስለማይችል ፊኛው በእጅ ካልተጨመቀለት ይሞታል። የማታውን ማን ይሥራ? ፕሮፌሰሩ ሲጠይቁ ሁሉም ጫማውን ያይ ጀመር። እኔ አልኩ። ዜሮ፦ «ነጥብ ሰጪ እዚያ ክፍል ባይገባ ይሻላል።» ፕሮፌሰሩ፦ «ለጥቂት ሳምንት ነው። ምን ችግር አለው?» ዜሮ ትከሻውን ሰበቀ። የሰው ሥራ ማጣጣል ልማዱ ነው።

ዓርብ ማታ

በግራ እጄ ደረቱን እይዛለሁ። በቀኝ አውራ ጣቴ ሆዱ ላይ ፊኛውን እፈልጋለሁ፤ የወይን ፍሬ ታክላለች። ቀስ ብዬ እጫናለሁ፣ ሽንቱ ነጩ ወረቀት ላይ ይወርዳል። አይጡ አይነክስም። ምን እንደማደርግለት የሚያውቅ ይመስላል።

ከግማሾቹ የሚወጣው እንደ ሁልጊዜው ነው። ከግማሾቹ ግን ደማቅ ቢጫ ወጣ፣ ወደ ብርቱካን የሚያደላ፤ ጓንቴን ሁሉ አቀለመው። ውኃ አንሷቸው ይሆናል። ጠርሙሶቻቸውን አየሁ፤ የሁሉም እኩል ጎድሏል። እንግዲህ ሌላ ነገር ይሆናል።

መርፌ የምትወጋቸው ሴት የፈሳሹ ቀለም እንዳይታይ መርፌውን በነጭ ፕላስተር ጠቅልላ ነው የምታመጣው። ለሷ ጥንቃቄ አድናቆቴ ከፍ ያለ ነው።

ለማንም አልተናገርኩም። ምን ብዬ ልናገር? ሽንታቸው ቢጫ ነው ብዬ?

ቤት ደርሼ የአባዬን የሽንት ከረጢት ደፋሁ። ቀለሙን አየሁ። ንጹሕ ነው።

ማክሰኞ

ወፍራሙ አይጥ ቁርጭምጭሚቱን ነቀነቀ። አባዬ ስም ካወጣለት ወዲህ እኔም ባልደረባ ነው የምለው። ሁለት ነጥብ አልኩ። ዜሮ ዜሮ አለ።

ካልተስማማን ደግመን እናያለን። ደግመን አየን። «ገላውን ሲጎትት እግሩ አብሮት ተወዛወዘ እንጂ እሱ አላነቃነቀውም» አለ ዜሮ።

«ባንተ በኩል ስለማይታይ ነው። በኔ በኩል በደንብ ታይቷል።»

ለረጅም ጊዜ አየኝ። «ይሁንልሽ» አለ።

ይሄ «ይሁንልሽ» ደሜን አፈላው። ችሮታ ጠይቄዋለሁ እንዴ? ያየሁትን ነው የተናገርኩት። ባልደረባ ከቢጫዎቹ አንዱ ነው፤ ይህን የምጽፈው ለነገሩ ያህል ነው።

ቅዳሜ

አባዬ አሁን ማታ ማታ «ስንት አመጡ?» ይለኛል፣ ከትምህርት ቤት የመጣ ልጅ እንደሚጠየቀው። ለባልደረባ ሁለት ነጥብ ሰጥቼዋለሁ ስለው ያልጠበቅሁትን አደረገ። እማዬን ጠርቶ ጢሙን ተላጭቶ አለባበሱን እንዲያስተካክል መስታወት አስመጣ። ከወደቀ ወዲህ መስታወት ጠይቆ አያውቅም።

ዛሬ ፊዚዮቴራፒስቷ ዊልቸር ይዛለት መጣች። ትንሽ ሴት ናት፣ ክንዷ ግን የወንድ ነው። «ከአልጋ ወደ ዊልቸር ራስዎን ማሻገር አሁን ነው የሚለመደው» አለችው። «ክንድዎ ሳይሟሽሽ። ቀን ቀን ተቀምጠው፣ በየጊዜው ገላዎን በእጅዎ ከፍ እያደረጉ። ዝም ብሎ መተኛት ቁስል ያመጣል።»

«የኔ እመቤት» አላት አባዬ፣ ተሳፋሪ በሚያባብልበት ድምፅ። «ይሄን ወንበር የሚፈልግ ሌላ ሰው አይጠፋም። ልጄ መድኃኒት እየሠራች ነው። አይጦቹ እየተነሡ እኔ ልቀመጥ?»

ሴትየዋ ዞራ አየችኝ። ገና ነው ማለት ነበረብኝ። ገና ነው ያልኩ ይመስለኛል። ድምፄ ይውጣ አይውጣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ዊልቸሩ ታጥፎ ኮሪደሩ ላይ ቆመ። ማታ ወንድሜ ጃኬቱን ሰቀለበት።

ሰኞ

ቢጫዎቹ ስምንት፣ ዘጠኝ እያሉ ነው። ሌሎቹ ስድስት ላይ ተጎልተዋል፣ ሰነፎች።

ሐሙስ

ፕሮፌሰሩ ሰበሰቡን። ቁጥሮቹን የሚያሰላው ሰው የትኛው ቡድን መድኃኒቱን እንደወሰደ ሳይገልጥ፣ «አንደኛው» እና «ሁለተኛው» ብሎ ብቻ በግራፍ አሳየን። ሁለቱ መስመሮች አብረው ተነሥተው እንደተጣሉ ወንድማማቾች ተለያዩ። «በሥራ ዘመኔ እንዲህ ጥርት ያለ ነገር አላየሁም» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«እኔንም የሚያስፈራኝ እሱ ነው» አለ ዜሮ።

ሰው ሲደሰት አይወድም። እንዲህ ያለ ሰው ምን ዓይነት ቤት ይሆን ያደገው?

በወሩ መጨረሻ የሆስፒታል ሐኪሞች መጥተው ይሰሙናል። ደስ ካላቸው በሰው ላይ ለመሞከር ፈቃድ ይጠየቃል። ይህን ለአባዬ መንገር አልነበረብኝም። በሩን ከፍቼ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ነገርኩት።

እሑድ

እማዬ የአባዬን የሥራ ጫማ ስትቦርሽ አገኘኋት። ለመንዳት ብቻ የሚያደርገው ነበር፤ ሶሉ ስስ ነው፣ ፔዳሉን ከሥሩ እንዲሰማው። «አውጪልኝ አለኝ» አለች። «ሲያስፈልገኝ ከየት እንደምታመጪው አላውቅም አለ።» አልጋው ሥር አስቀመጠችው፣ አፍንጫው ወደ በሩ ዞሮ።

ወንድሜም መጣ። ከጣቱ ነገር ወዲህ ዘግቶኝ ነበር። ዛሬ ትከሻዬን ይዞ «ይቅር በይኝ፣ አንቺ በገባሽ መንገድ እየታገልሽለት ነው» አለኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ረቡዕ

ሻይ ላፈላ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ፊዚዮቴራፒስቷ ለእማዬ ስትናገር ሰማሁ። «እሺ አላሉኝም። ክንዳቸውን እንኳ አያንቀሳቅሱልኝም፣ ለምን ልድከም ይሉኛል። ማን ነው ግን ይህን ተስፋ የሚመግበው?»

«ልጃችን ሳይንቲስት ናት» አለች እማዬ።

እማዬ ያን ለምን እንዳለች አልገባኝም። እኔ አንድም ቀን መድኃኒቱ ያድንሃል ብዬው አላውቅም። የአይጦቹን ነጥብ ነው የነገርኩት። ቁጥር ነው የነገርኩት።

ዓርብ፣ በጥድፊያ

ባልደረባ አሥር። ዜሮ ዛሬ አልተከራከረም። ቅር ቅር የሚለው ሰው ዝም ሲል ደግሞ የባሰ ነው።

ሰኞ ማታ

አንሶላውን ስንቀይር ሸተተኝ። የማላውቀው ሽታ አይደለም። ዳሌው ላይ፣ ከጀርባው ዝቅ ብሎ፣ ቆዳው ጠቁሮ መሐሉ ተከፍቷል። አባዬ ምንም አልተሰማውም፣ እንዴት ይሰማዋል። «ምንድን ነው?» አለ የእማዬን ፊት አይቶ። «ትንሽ መላጥ ነው» አልኩት።

ፊዚዮቴራፒስቷ እንደጠራናት መጣች፣ አየችው፣ ከንፈሯን ነከሰች። አልተቆጣችም። ቁስሉ ከጠለቀ አጥንት ይደርሳል፣ አጥንት ከደረሰ ደም ይመርዛል፣ ከዚያ የእግር ጉዳይ መሆኑ ይቀራል። ይህን የነገረችኝ በር ላይ ነው፣ ቀስ ብላ። «ተቀምጠው፣ ክንዳቸውን ሠርተው ቢሆን ኖሮ ይህ ባልመጣ ነበር» አለችኝ። «አንቺን ይሰሙሻል። ነግረሻቸው ታውቂያለሽ?»

እነግረዋለሁ አልኳት።

ተመልሼ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። «ስንት አመጡ?» አለኝ። ፊቱ ላይ ትኩሳት አለ። «ባልደረባ አሥር» አልኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ አለ።

ማክሰኞ ማታ

ዛሬ የሆነውን ሳልሸፋፍን ልጻፈው።

ገንዳው ውስጥ የነበረው ጅራቱ ላይ ጥቁር መስመር ያለበት ቀጭን አይጥ ነው። ቢጫ አይደለም። አራቱ ደቂቃ አለቀ። «ስድስት» አልኩ፣ እንደ ባለፈው ሳምንት። ዜሮ «አሥር» አለ። ከሱ አፍ አሥር ሲወጣ ሰምቼ ስለማላውቅ የቀለደ መሰለኝ።

«ይሄ አይጥ እኮ ቆመ» አለኝ። «ሆዱ ከምንጣፉ ተነሥቶ፣ በውስጥ እግሩ ረግጦ። ደግሞ አንቺ ፊት ለፊት ነው የቆመው።»

«አላየሁም።»

«ዓይንሽ እሱ ላይ ነበር።»

መልሰን አስገባነው። አሸተተ፣ ጢሙን አነቃነቀ፣ ሄደ። ሆዱ ተነሣ። የኋላ እግሮቹ ምንጣፉን ረግጠው ተሸከሙት፣ ተንገዳገደ፣ እንደገና ተሸከሙት። ከመንገድ ላይ የተጠራ ሰው ያየዋል። መጀመሪያም እንዲሁ ነበር የሄደው። እኔ ግን ከመግባቱ በፊት ስድስት ብዬ ጨርሼ ነበር።

«ምንድን ነው የምታውቂው?» አለ ዜሮ።

«ምንም።»

«እዚያ ክፍል ማታ ማታ ምን አየሽ?»

ጓንቴን አውልቄ ወጣሁ። በእግሬ ነው ወደ ቤት የመጣሁት።

ለባልደረባና ለቢጫዎቹ ትንሽ ለግሼ ይሆናል እያልኩ ራሴን ሳባብል ነው የከረምኩት። አንድ ነጥብ፣ ሁለት ነጥብ፣ ማንን ይጎዳል እያልኩ። የዚህን ግን የነበረውን ቀማሁት። መድኃኒት ሳያገኝ፣ በባዶ የጨው ውኃ፣ በራሱ አቅም ቆመ፤ እኔ ፊቱ ተገትሬ አልቆምክም አልኩት። እንዲቆም የፈለግሁት ሌላውን ስለነበር። ምክንያቱም ሌላው ካልቆመ አባዬ…

ወንድሜ ቢያንስ ያየውን ነው ያመነው። ጣቱ በእውነት ተንቀሳቅሷል። ድንጋይ ልብ ነሽ ያለኝ ጊዜ ልክ አልነበረም፤ ድንጋይ ብሆን ይሻል ነበር።

ሐሙስ

ፕሮፌሰሩ ቢሮ ገባሁ። በሩን ዘጋሁት።

«ቡድኖቹን አውቃቸዋለሁ» አልኳቸው። «የማታውን ሥራ ከጀመርኩበት ቀን ጀምሮ። መድኃኒቱ ሽንታቸውን ያቀልመዋል። መርፌውን ሸፍነን ሽንቱን ረሳነው። የሰጠሁት ነጥብ አይረባም።»

መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

«ለምን ነገርሽኝ?» አሉ።

ለምን አደረግሽው ቢሉኝ መልስ ይዤ ነበር፤ መንገዱን ሁሉ የተሰናዳሁት ለሱ ነው። በመስኮቱ የመኪና ማቆሚያውን እያየሁ ቆምኩ። በመጨረሻ «የሆስፒታሉ ስብሰባ ይቀራል» አሉ። «ቪዲዮዎቹ አሉ። ከሌላ ቦታ ሁለት የማያውቁን ሰዎች ያዩዋቸዋል።» ስወጣ ቀና ብለው አላዩኝም። ዜሮ ስለዚያ ክፍል የተናገረ ጊዜ ምን ችግር አለው ያሉት እሳቸው መሆናቸው ትዝ ብሏቸው ይሆናል። ትዝ ቢላቸውም ለኔ አይቀልልኝም።

ሰኞ

አልነገርኩትም።

ረቡዕ

ዛሬም አልነገርኩትም። «ስንት አመጡ?» አለ። «ዛሬ ዕረፍት ነን» አልኩት። ቴሌቪዥኑ የሥራ መውጫ ሰዓት የትራፊክ መጨናነቅ እያሳየ ነበር። አባዬ ቴሌቪዥኑን አየ፣ እኔን አየ።

ቁስሉን በየቀኑ እጠርጋለሁ።

ማክሰኞ

ውጤቱ መጣ። ልዩነት የለም። መድኃኒቱ ምንም አልሠራም። ሁሉም በመጠኑ ድነዋል፣ ቢጫውም ሌላውም፣ እንደየአቅማቸው። ጉዳቱ ሙሉ ካልሆነ አይጥ በራሱ በመጠኑ ይድናል፤ ይህን ማንኛውም ጀማሪ ያውቃል። ለዚህ ነው የጨው ውኃ የሚወጋ ቡድን የምናስቀምጠው። የአባዬ ጉዳት ሙሉ ነው። ይህንንም አውቅ ነበር፤ የጀርባውን ራጅ ሐኪሙ መብራት ላይ አድርጎ ሲያየው አብሬ አይቼዋለሁ።

ባልደረባ አራት አገኘ።

ነጥብ መስጠት ተከልክያለሁ። ካሜራ እይዛለሁ፣ ምንጣፍ አጥባለሁ። ማንም በፊቴ አልተናገረኝም፤ ስገባ ግን ወሬው ይቋረጣል። ዜሮ ብቻ ነው መጥቶ አጠገቤ የቆመው። የሚያጽናናኝ መስሎኝ ነበር።

«ዜሮ ስሰጥ ደስ ብሎኝ ይመስልሻል?» አለ። «ለአንድ ቀን እንኳ ጠይቀሽኝ አታውቂም።»

ዓርብ

የአይጦቹ ጊዜ አበቃ። ሁልጊዜ ሙከራ ሲያልቅ እንደሚደረገው በመርፌ እስከመጨረሻው አንቀላፉ። ባልደረባን ራሴ ያዝኩት። አይነክስም ብዬ ጽፌ ነበር፤ ዛሬም አልነከሰም።

እሑድ ማታ

ነገርኩት።

እማዬ ወንበር ላይ ነበረች፣ ወንድሜ በሩን ተደግፎ። አባዬን ብቻውን ልነግረው ነበር ያሰብኩት፤ እሱ ነው «እዚሁ ተናገሪ» ያለኝ። ቀድሞ ገብቶት ነበር መሰለኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ የሽንቱን ቀለም፣ ነጥቡን፣ ቪዲዮውን። መድኃኒቱ ምንም አይደለም አልኩት። የነገርኩህ ቁጥር ሁሉ የኔ ነው አልኩት።

«ባልደረባዬስ?»

«አራት ነበር። አሥር ያልኩት እኔ ነኝ።»

«አሁን የት ነው?»

እጆቼን አየሁ። ራሱን ነቀነቀ።

ወንድሜ አንድ ነገር እንዲናገረኝ ጠበቅሁ። ያን የጣቱን ቀን መዝዞ እንዲያወጣብኝ። እሱ ወለሉን ነበር የሚያየው። አባዬ ነው የተናገረው፣ ቀስ ብሎ፣ ቃሉን እየመረጠ።

«ወንድምሽ ጣቴን ቀርጾ ሲያሳየኝ አላመንኩትም። እናትሽ እያለቀሰች ተንቀሳቀሰ ስትለኝ አላመንኳትም። ደስ እንዲላቸው ብዬ ነው አዎ ያልኩት። እዚህ አልጋ ላይ የተኛሁት አንቺን አምኜ ነው።»

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ይቅር በለኝ አባዬ።»

«መብራቱን አጥፊልኝ» አለ።

አጠፋሁት። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ የወንድሜን ጃኬት ከዊልቸሩ ላይ አንሥቼ መስቀያው ላይ ሰቀልኩት። ከዚያ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

ሐሙስ

ፊዚዮቴራፒስቷን እሱ ራሱ አስደወለላት። ከማለዳ ጀምሮ ተኝቶ ክንዱን ያሠራል፤ በሁለት የውኃ ጠርሙስ። ትንፋሹ እስከ ክፍሌ ይሰማል። ለእማዬ ይናገራል፣ ከወንድሜ ጋር ስለ ኳስ ይከራከራል። ለኔም «ደህና ዋልሽ» ይላል። ጨዋ ሰው ነው፤ ለተሳፋሪ ሁሉ ደህና ዋልክ ደህና ዋልሽ ሲል ነው የኖረው።

ስንት አመጡ ብሎ መጠየቅ ትቷል።

ቅዳሜ፣ ከብዙ ሳምንት በኋላ

ብዙ ጊዜ አልጻፍኩም። የምጽፈው አልነበረኝም፤ ካሜራ ይዛ ለምትቆም ሰው ምን ይጻፋል።

ቁስሉ ገጥሟል። ፊዚዮቴራፒስቷ ለአጭር ጊዜ መቀመጥ ይቻላል አለች። ዛሬ ጠዋት አንድ ለስላሳ ጣውላ ከአልጋው ወደ ዊልቸሩ እንደ ድልድይ ዘረጋች። አባዬ በሁለት እጁ ተደግፎ ተቀመጠ። ሲወዛወዝ ሳላስበው እጄ ተዘረጋ።

«እጅሽን» አለኝ።

ሰበሰብኩት። ወደ ኋላዬ አድርጌ አንዱን በሌላው ያዝኩት፣ ሥራ ላይ እንደምቆመው።

ቀኝ እጁን ጣውላው ላይ አሳረፈ፣ ገላውን ጎተተ። አረፈ። ጎተተ። የአንገቱ ሥር ተገተረ፣ ላቡ በአፍንጫው ወረደ። እማዬ ግድግዳው ጋ ቆማ ቀሚሷን ጨብጣለች። እኔ ልማድ ሆኖብኝ እግሮቹን አየሁ። ከኋላ ተጎትተው መጡ፣ የእግሩ ጀርባ ወለሉን እየጠረገ፤ ዳሌም፣ ጉልበትም፣ ቁርጭምጭሚትም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ወንበሩ ላይ ነበር። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል።

በኛ መለኪያ ዜሮ ነው። የፊት እግር አይቆጠርም።

«ጫማዬን» አላት እማዬን። ከአልጋው ሥር አውጥታ አጠለቀችለት፣ እግሮቹን ማረፊያው ላይ አስተካከለችለት። ትንሽ አየው፣ ስሱን ሶል። ከዚያ ጎማዎቹን በእጁ ይዞ ወደ በሩ ነዳ። ደፉ ላይ ጎማው ተያዘ። ወደ ኋላ መለሰው፣ አስተካከለው፣ ጠባብ መንገድ ላይ አውቶቡስ እንደሚያስገባ ሰው በግራ በኩል ተመለከተና አለፈ።

በፊቴ ነው ያለፈው። ቀና ብሎ አየኝ፤ የሚጠይቀኝ መሰለኝ። እውነቱን ልነግረው፣ ዜሮ ልለው ተዘጋጅቼ ነበር፤ ከዚያም ሌላ የምለው ነበረኝ።

«ትንሽ ፈቀቅ በይልኝ» አለኝ። ፈቀቅ አልኩለት።